የዶሮ ዕድገት ሞዴል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዶሮ ክብደት መዝግበው ቁጥሩን ወደ ቀመር መለወጥ የሚፈልጉ አርቢዎች፣ የእንስሳት ልማት ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የዕድገት ሞዴል ምንድን ነው? በየሳምንቱ መዝኖ ደብተር ላይ መጻፍ አይበቃም?

ሞዴሉ ዕድሜ ሲሰጡት ክብደት የሚመልስ ቀመር ነው። ጫጩት ከተፈለፈለች በኋላ በቀን የምትጨምረው ግራም መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ እየበዛ ሄዶ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይመጣና ዶሮዋ ስትጎለምስ ይቆማል። በግራፍ ሲሣል የተለጠጠ «ኤስ» ይመስላል።

ደብተሩ የሚነግርዎ በመዘኑበት ቀን የነበረውን ብቻ ነው። አንዱን መንጋ በ28ኛው፣ ሌላውን በ31ኛው ቀን መዝነው ከሆነ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይችሉም፤ በሞዴሉ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ዕድሜ ማምጣት ይቻላል። የዕለት ጭማሪው መቼ ጫፍ እንደሚደርስ፣ መንጋው ከሚጠበቀው መስመር መቼ መውረድ እንደ ጀመረ የሚያሳየውም እሱ ነው።

ኤክሴል ግራፍ ላይ ትሬንድላይን (በነጥቦቹ መካከል የሚያልፍ መስመር) ብስብ ምን ችግር አለው?

በምዝገባዎ የዕድሜ ክልል ውስጥ ብቻ ከቆዩ ብዙ ችግር የለውም። የሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል በነጥቦቹ መካከል አሳምሮ ያልፋል። ከመጨረሻው ምዝገባ ሁለት ሳምንት ወደፊት ሲገፉት ግን ዶሮዋ እየከሳች ወይም ማቆሚያ በሌለው ፍጥነት እየገዘፈች ትታያለች። ቁጥሮቹም ከዶሮዋ ሕይወት ጋር የሚያያይዝ ትርጉም የላቸውም፤ «የዕድሜ ካሬ ማባዣ 1.7 ነው» ማለት ለአርቢ ምንም አይነግርም።

ለዶሮ የትኛው ቀመር ይመረጣል?

መጀመሪያ መሞከር ያለበት ጎምፐርዝ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ጎምፐርዝ በ1825 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ያወጣው የሰው የሞት መጠን ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለማስላት ነበር፤ ለዕድገት የዋለው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ለዶሮ የሚስማማው የዕለት ጭማሪው ጫፍ የሚደርሰው ከጉልምስና ክብደት 36.8 በመቶ ላይ ስለሆነ ነው።

ሎጂስቲክ ጫፉን ልክ በግማሹ፣ በ50 በመቶ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት ለዶሮ ሲውል የተፈለፈለች ጫጩትን ክብደት ከእውነታው አብልጦ፣ የጉልምስናውን ክብደት ደግሞ አሳንሶ ማውጣት ይቀናዋል። ቮን በርታላንፊ ጫፉን ወደ 29.6 በመቶ ያወርደዋል፤ የጉልምስና ክብደቱንም ብዙ ጊዜ ያጋንናል። የሪቻርድስ ቀመር አራተኛ ቁጥር ጨምሮ ጫፉ የትም እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ግን ብዙ ምዝገባ ይፈልጋል፤ በሰባት ወይም በስምንት ነጥብ ብዙ ጊዜ አይረጋም። የብሮዲ ቀመር ጫፍ የሚባል ነገር ስለሌለው ከመፈልፈል ጀምሮ ላለ ምዝገባ አይሆንም።

በጎምፐርዝ ቀመር ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ቀመሩ ይህ ነው፦

ክ = ሀ × ኤ^(−ለ × ኤ^(−ፍ × ቀ))

«ክ» ክብደት፣ «ቀ» ዕድሜ በቀን፣ «ኤ» 2.71828 ነው። «ሀ» ዶሮዋ ጎልምሳ የምትደርስበት ክብደት ነው። «ለ» መነሻውን ከመድረሻው ጋር ያያይዛል፤ የሚገኘውም ሀን በመፈልፈያ ቀን ክብደት አካፍሎ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን በመውሰድ ነው። «ፍ» ወደ ጉልምስና የመገስገስ ፍጥነት ነው።

በምሳሌ እንየው። ለአንድ የሥጋ ዶሮ መንጋ ሀ 6,000 ግራም፣ የጫጩቷ ክብደት 42 ግራም፣ ፍ 0.043 ቢሆን ለ 4.96 ይሆናል። ቀመሩ በ7ኛው ቀን 153፣ በ14ኛው 396፣ በ21ኛው 803፣ በ28ኛው 1,354፣ በ35ኛው 1,994፣ በ42ኛው 2,655 ግራም ይሰጣል። ጭማሪው ጫፍ የሚደርስበት ቀን የለ ሎጋሪዝም ለፍ ሲካፈል ነው፦ 1.60 ÷ 0.043፣ ማለትም 37ኛው ቀን ግድም። ያን ቀን ክብደቷ 2,207 ግራም፣ የዕለት ጭማሪዋ ደግሞ ፍ × 2,207፣ ወደ 95 ግራም ነው። ይህ ነጥብ የመታጠፊያ ነጥብ ይባላል።

ስንት ዶሮ፣ በየስንት ቀኑ ልመዝን?

ቁጥሩ የሚወሰነው ዶሮዎቹ እርስ በርስ በሚለያዩበት መጠን ነው። ልዩነታቸው፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ ለአማካዩ ሲካፈል፣ 10 በመቶ ከሆነና አማካይዎ ከእውነተኛው ከ2 በመቶ በላይ እንዳይርቅ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከፈለጉ 96 ዶሮ ያስፈልጋል። 3 በመቶ ስህተት የሚታገሱ ከሆነ 43 ይበቃል። ልዩነቱ 15 በመቶ ለሆነ መንጋ ለ2 በመቶ ስህተት 216፣ ለ3 በመቶ 96 ዶሮ ይጠይቃል። አሥር ዶሮ ይዞ ከርቭ (የዕድገት መስመር) መሣል ድካም ብቻ ነው።

መርሐ ግብሩ በመፈልፈያ ቀን ይጀምር፤ ለለ መነሻ ስለሆነ ያ ቀን አይታለፍም። እስከ 8ኛው ሳምንት በየሳምንቱ፣ ቀስ ብለው ለሚያድጉ ዝርያዎች ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 20ኛው ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቀጥሉ። መመዘኛውን ከማቀራረብ ይልቅ የዕድሜውን ክልል ማራዘም ለሞዴሉ ብዙ እጥፍ ይጠቅመዋል።

አመዛዘኑ ላይ ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

ከቀመር ምርጫ በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው አመዛዘን ነው፤ በሚዛን ላይ የገባውን ስህተት የትኛውም ሶፍትዌር አያወጣውም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በተለይም ማለዳ መኖ ከመቅረቡ በፊት ይመዝኑ። አንዱን ሳምንት ባዶ ሆዷን፣ ሌላውን ጠግባና ጠጥታ የተመዘነች ዶሮ ያላደገችውን ያደገች ታስመስላለች፤ ትንሽ ሳለች ደግሞ የሆዷ ይዘት ከክብደቷ ትልቅ ድርሻ አለው። ለጫጩት አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ 5 ወይም 10 ግራም የሚለይ ይበቃል። በየዕለቱ ከመጀመርዎ በፊት ክብደቱ የታወቀ ነገር አስቀምጠው ሚዛኑን ይፈትሹ፤ ዶሮ የሚያዝበትን ባልዲ ወይም ከረጢት ክብደት ኩስ በተለጠፈበት ቁጥር እንደገና ዜሮ ያድርጉ።

ዶሮውን በእጅ እየመረጡ አይያዙ። እጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ደካማዋንና ከባዷን ነው፤ ቀልጣፎቹ ያመልጣሉ። በቤቱ ሦስት ቦታ፣ በበሩ አጠገብ፣ በመሐልና በጥግ፣ በማጠሪያ ይክበቡና የተከበቡትን አንዳቸውንም ሳይለቁ ሁሉንም ለየብቻ ይመዝኑ። አሥር ዶሮ በአንድ ሳጥን መዝኖ ለአሥር ማካፈል አማካዩን ይሰጣል፤ ልዩነታቸውን ግን ይሰርቃል።

አማካይ የሚያዛባ ሌላም ነገር አለ። በሁለተኛው ሳምንት ቀጫጮቹ ጫጩቶች ቢሞቱ ማንም ሳያድግ አማካዩ ከፍ ይላል። በ38ኛው ቀን ትልልቆቹ ተመርጠው ቢሸጡ የቀሪዎቹ አማካይ ይወርድና ሞዴሉ «ዕድገት ቆመ» ብሎ ያነበዋል። መፍትሔው ክንፋቸው ላይ ቁጥር የታሰረላቸውን ዶሮዎች ብቻ ለሞዴል ማዋል፣ የሞቱበትንና የተሸጡበትን ቀንም መመዝገብ ነው።

ኤክሴል ላይ ደረጃ በደረጃ እንዴት ልሥራው?

በመጀመሪያው ዓምድ ዕድሜ በቀን፣ በሁለተኛው የተመዘነውን አማካይ ክብደት በኪሎ ያስገቡ። ግራም ሳይሆን ኪሎ የሚመረጠው ሀ በሺህ፣ ፍ ደግሞ በመቶኛ ክፍልፋይ ሲሆን ሶልቨር፣ ማለትም ተስማሚ ቁጥር የሚፈልገው የኤክሴል መሣሪያ፣ ስለሚደናገር ነው። ጎን ላይ ለሀ፣ ለለና ለፍ ሦስት ባዶ ሴሎች ያዘጋጁ። ሦስተኛው ዓምድ በእነዚህ ሴሎች የሚሰላው የጎምፐርዝ ክብደት፣ አራተኛው በተመዘነውና በተሰላው መካከል ያለው ልዩነት ካሬ ይሁን። ከታች የአራተኛውን ዓምድ ድምር ይጻፉ። ከዚያ ዳታ በሚለው ስር ሶልቨርን ከፍተው ድምሩን እንዲያሳንስ፣ ሦስቱን ሴሎች እንዲቀያይር ይዘዙ፤ ዘዴው ጂአርጂ ኖንሊኒየር ይሁን። ሶልቨር ካልታየ ከአማራጮች ውስጥ አድ-ኢንስ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው መነሻ ቁጥር ላይ ነው። ሦስቱንም ሴል 1 አድርጎ የጀመረ ሰው ትርጉም የሌለው ውጤት ወይም የስህተት ምልክት ያገኛል። ሀን የዝርያው ጎልማሳ ዶሮ ይመዝናል ተብሎ ከሚታሰበው ይጀምሩ። ለን ከሀና ከመፈልፈያ ክብደት ያስሉ። ፍን ከሁለት ምዝገባ ያግኙ፦ ለእያንዳንዱ ሀን በክብደቱ አካፍለው ሎጋሪዝሙን፣ ከዚያም የዚያን ሎጋሪዝም እንደገና ይውሰዱ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሰው በመካከሉ ባሉት ቀናት ያካፍሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ 14ኛው ቀን 1.00፣ 42ኛው ቀን −0.204 ይሰጣል፤ ልዩነቱ 1.204 ለ28 ቀን ሲካፈል 0.043። ሶልቨር ከጨረሰ በኋላ ሀን በ20 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ ደግመው ያስኪዱት። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ካልተመለሱ መልሱ ገና አልተገኘም።

በአር (R) የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ያገኘሁት የፍጥነት ቁጥር 0.958 ነው። ጽሑፎች ላይ ያለው ግን 0.04 አካባቢ ነው። ተሳስቻለሁ?

ምናልባት አልተሳሳቱም። አር ውስጥ ያለው ዝግጁ የጎምፐርዝ ፈንክሽን ፍን በቀጥታ አያወጣም፤ የሚሰጠው ኤ^(−ፍ)ን ነው። ሎጋሪዝሙን ወስደው ምልክቱን ይቀይሩ፦ 0.958 ወደ 0.043 ይመለሳል።

ተመሳሳይ ግራ መጋባት በመለኪያም ይመጣል። ዕድሜን በሳምንት የመዘገበ ሰው ፍን 0.301 ብሎ ይጽፋል፤ ያው 0.043 በ7 ተባዝቶ ነው። የሌላ ሰው ቁጥር ከእርስዎ ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት ቀኑን፣ ሳምንቱንና የቀመሩን አጻጻፍ ያረጋግጡ።

ሥጋ ዶሮዬን በ42 ቀን እሸጣለሁ። ሞዴሉ የጉልምስና ክብደቱ 11 ኪሎ ነው ይለኛል። ለምን?

ምክንያቱም ከርቩ ሲታጠፍ ገና አላዩትም። በምሳሌያችን መታጠፊያው 37ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለዎት ምዝገባ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ሀና ፍ እርስ በርስ ይካካሳሉ፤ ሀን ከፍ አድርጎ ፍን ዝቅ ያደረገ ከርቭ በምዝገባዎ ክልል ውስጥ ከእውነተኛው ጋር እምብዛም አይለይም። ሶልቨር ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው በሚዛን ስህተት በመጣ በጥቂት ግራም ልዩነት ነው።

ጥሩ መለኪያ ይኸውልዎ፦ ከመታጠፊያው ቀን በኋላ 1 ÷ ፍ ያህል ቀን ይመዝኑ። በምሳሌው 37 እና 23፣ ማለትም እስከ 60ኛው ቀን ነው፤ ያኔ ዶሮዋ ከሀ 69 በመቶ ደርሳለች። ለገበያ የሚያረባ ሰው መንጋውን በሙሉ እስከዚያ ማቆየት ስለማይችል ከየጾታው 30 ያህል ለይቶ እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ሳምንት ያቆያል። ይህም ካልሆነ ከርቩን እስከ 42ኛው ቀን ብቻ ይጠቀሙበት፤ ስለ ሀ ግን ምንም አይናገሩ፣ ዝርያም በእሱ አያወዳድሩ።

ወንድና ሴቱን አንድ ላይ ማስላት እችላለሁ?

ለምርምር አይሆንም። ወንዱ ሀው ከፍ ያለ ነው፤ መታጠፊያውም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የሁለት ጎምፐርዝ ከርቮች አማካይ ራሱ ጎምፐርዝ አይደለም፤ ስለዚህ የተደባለቀው ሞዴል አንዳቸውንም በትክክል አይገልጽም። በናሙናው ውስጥ የወንዱ ድርሻ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ ደግሞ ከርቩ ያለ ምክንያት ይንገዳገዳል።

የአንድ ቀን ጫጩት ጾታ መለየት ካልተቻለ በመጀመሪያው ቀን የክንፍ ቁጥር ይሰሩላቸው፤ ኩክኔያቸው ሲለይ ጾታውን ወደ ኋላ ተመልሰው ለሁሉም ምዝገባ ይሙሉ።

አር ካሬው (ሞዴሉ ለምዝገባው ምን ያህል እንደቀረበ የሚለካው ቁጥር፤ 1 ከሆነ ፍጹም ነው) 0.998 ወጣልኝ። ሞዴሌ ጥሩ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ከዕድሜ ጋር ክብደት እየጨመረ እስከሄደ ድረስ መጥፎውም ቀመር ብዙ ጊዜ ከ0.98 በላይ ያመጣል። የሚታየው ቅሪቱ ነው፣ ማለትም የተመዘነው ሲቀነስ የተሰላው። ቅሪቶቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ደርድረው ምልክታቸውን ይመልከቱ። ፕላስና ማይነስ ተቀላቅለው ከመጡ መልካም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁሉም ማይነስ፣ በመሐል ሁሉም ፕላስ፣ በመጨረሻ እንደገና ማይነስ ከሆኑ ቅርጹ ራሱ አልገጠመም፤ ሌላ ቀመር ይሞክሩ። ጎምፐርዝንና ሪቻርድስን ለማወዳደር የተጨማሪውን ቁጥር ዋጋ የሚያስከፍለውን የአካይኬ መመዘኛ ይጠቀሙ፤ አነስተኛው ይመረጣል።

አንድ ፍተሻ ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል። ቀመሩን በዜሮ ቀን ያስሉት። ጫጩቷ 42 ግራም ተመዝና ሞዴሉ 110 ካለ፣ አር ካሬው ምንም ይሁን ምን፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንበያ አይታመንም።

የመታጠፊያው ቀን የመሸጫ ቀን ነው?

ይህ በስፋት የተለመደ ስህተት ነው። በመታጠፊያው ቀን የዕለት ጭማሪው ጫፍ ላይ ነው፤ ዶሮዋ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀን ከምትበላው በላይ ዋጋ ያለው ሥጋ ትጨምራለች። መሸጫውን የሚወስነው የአንድ ተጨማሪ ቀን መኖና የአንድ ተጨማሪ ቀን ጭማሪ ንጽጽር ነው። የማንኛውም ቀን ጭማሪ ፍ × ክ × (የሀ ÷ ክ ሎጋሪዝም) ነው። በ42ኛው ቀን 93 ግራም፣ በ56ኛው ቀን 74 ግራም ይመጣል። መንጋዎ በ42ኛው ቀን በነፍስ ወከፍ 190 ግራም፣ በ56ኛው 230 ግራም መኖ ይበላል እንበል። ለአንድ ኪሎ ጭማሪ የሚሄደው መኖ ከ2.04 ኪሎ ወደ 3.1 ኪሎ ያድጋል። የአንድ ኪሎ የቁም ዶሮ ዋጋ ከ3.1 ኪሎ መኖ ዋጋ ካነሰ 56ኛው ቀን ላይ እየከሰሩ ነው።

ሌላ ወጪም አለ፤ ቤቱ። ዛሬ ያልወጣ መንጋ የሚቀጥለውን ያዘገያል። ስለዚህ የተጨማሪው ቀን ትርፍ የጠቅላላው ዙር ትርፍ ለቀናቱ፣ ቤቱ ጸድቶ ባዶ የሚቆይባቸውን ቀናት ጨምሮ፣ ተካፍሎ ከሚገኘው ሲያንስ መሸጥ ይገባል። ዙሩ አትራፊ እስከሆነ ድረስ ይህ ከመጀመሪያው ስሌት ቀደም ብሎ ይመጣል።

ለሐበሻ ዶሮ፣ ወይም ቀስ ብለው ለሚያድጉት የውጭ ዝርያዎች ለፋዮሚና ለኮይኮክ ተመሳሳዩን ሞዴል ልጠቀም?

ቀመሩ ያው ነው፤ ቁጥሮቹና የጊዜ ሰሌዳው ይለያሉ። ሀ ያነሰ፣ መታጠፊያውም የዘገየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት አካባቢ ይወድቃል። ስለዚህ በ8ኛው ሳምንት የቆመ ምዝገባ ከሐበሻ ዶሮ ዓይነቶች አንዱ ለሆነው ለሆሮ ዶሮ ወይም ለኮይኮክ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። ቄቦች እንቁላል መጣል ሲቃረቡ የመራቢያ አካላቸውና ስባቸው ስለሚጨምር ክብደታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ይነሳል፤ እስከዚያ ድረስ የሚመዝን ሰው አንድ ጎምፐርዝ ሳይሆን የሁለት ድምር ሊያስፈልገው ይችላል።

ጓሮ ለቅመው ለሚያድጉ ዶሮዎች የሚወጣው ከርቭ ስለ ዝርያው ከሚናገረው በላይ ስለ ወቅቱና ስለ ጓሮው ይናገራል። እህል በሚሰበሰብበት ወቅት የተፈለፈለችና በክረምት መሐል የተፈለፈለች እኅትማማች ጫጩት ሀአቸው እንኳ ሊለያይ ይችላል። ዝርያ ከዝርያ ለማወዳደር ሁሉም በአንድ ሳምንት የተፈለፈሉ፣ በአንድ ቤት ያሉ፣ አንድ መኖ የሚበሉ መሆን አለባቸው። ፍን ለብቻው አያወዳድሩ፤ ትንሽ ሀ ያላት ዝርያ ፍዋ ከፍ ብሎ «ፈጣን» ትመስላለች። ሁለቱን ያጣመረውን ከፍተኛ የዕለት ጭማሪ፣ ሀ × ፍ ÷ 2.718ን ያወዳድሩ።

በመሐል መኖ ቀንሼ ነበር፣ ወይም በሽታ ገብቶ ነበር። ምዝገባው ይጣል?

አይጣል፤ ግን በአንድ ለስላሳ ከርቭ አይሸፈን። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ፈጣን የሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች አየሩ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ልብና ሳንባቸው እንዳይጨነቅና አሳይተስ የሚባለው የሆድ ውሃ መቋጠር እንዳይገድላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖ ይገድባሉ። ገደቡ ሲነሳ ዶሮዎቹ የቀረባቸውን ለማካካስ ከተለመደው ፈጥነው ያድጋሉ። በዚህ መንጋ ላይ የተሠራ ጎምፐርዝ መታጠፊያውን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፤ ሀንም ሊያጋንን ይችላል። የተገደቡትን ለብቻ ያስሉ፣ ያልተገደበ መንጋ ከርቭንም በአንድ ግራፍ ላይ ይሣሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ገደቡ ስንት ግራም እንዳስከፈለና ስንቱ እንደተመለሰ ያሳያል።

የእያንዳንዷን ዶሮ ክብደት ከመዘገብኩ ስሌቱ ምን ይለወጣል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ልዩነታቸው ከክብደቱ ጋር ያድጋል፦ በ7ኛው ቀን መደበኛ ልይይቱ 15 ግራም ቢሆን በ42ኛው 270 ሊሆን ይችላል። ሁሉንም እኩል ቆጥሮ የሚያሰላ ሶልቨር የትልልቆቹን ስህተት ብቻ እያሳደደ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይረሳል። የክብደቱንና የቀመሩን ሎጋሪዝም ወስዶ ማስላት፣ ወይም እያንዳንዱን ስህተት በተሰላው ክብደት ማካፈል ሚዛኑን ይመልሳል። በኤክሴል ለአማካይም ቢሆን ይህን ማድረግ አይከፋም።

ሁለተኛ፣ አንዷ ዶሮ ስምንት ጊዜ ስለተመዘነች ስምንት ዶሮ አትሆንም። በ21ኛው ቀን ከአማካይ የከበደች በ28ኛውም ትከብዳለች፤ ይህን ችላ ያለ ስሌት የስህተት ክልሉን አጥብቦ ልዩነት የሌለውን «ልዩነት አለ» ያሰኛል። ትክክለኛው መንገድ ሀና ፍ ከዶሮ ዶሮ እንዲለያዩ የሚፈቅድ ድብልቅ ሞዴል ነው፤ አር ውስጥ ኤንኤልኤምኢ የተባለው ፓኬጅ ይሠራዋል። ለሦስቱም ቁጥር ልዩነት ከፈቀዱለት ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ ይቆማል፤ በሀ ብቻ ይጀምሩ፣ ከተሳካ ፍን ይጨምሩ፣ ለን ግን ለሁሉም አንድ አድርገው ይተዉት።